መርዶ በአሥራ አንድ ሰዓት

ጁባ ውስጥ እንጀራዬ ለሰው ቃል መጻፍ ነበር። የተቀጠርኩበት የእርዳታ ድርጅት ቢሮው ኮሎሎ መንገድ ላይ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ከብረት ኮንቴይነር የተሠሩ ክፍሎች፣ መሐላቸው ጠጠር የፈሰሰበት መተላለፊያ፣ ጥግ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ከየጣቢያው የሚመጣውን መልእክት ተቀብዬ ለሚመለከተው አደርሳለሁ፤ ከቢሮው የሚወጣውን ደግሞ ለሠራተኛው በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ፈቃድህ ተፈቅዷል፣ ውልሽ በዚህ ወር ያበቃል፣ ታመሃል ብለውናል እግዚአብሔር ይማርህ። አብዛኛው እጅ ከለመደው በኋላ ብዙ ሳያስቡበት የሚጻፍ ነው።

የሐዘኑ ግን እንደዚያ አልነበረም። አንድ ሠራተኛ ዘመድ ሞተበት ሲባል፣ ከመጻፌ በፊት አጠገቡ ወዳለ ሰው እደውላለሁ። ሰምቷል ወይ? አብሮት ማን አለ? ቤቱ ነው ወይስ መንገድ ላይ? መልሱን ካገኘሁ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ እጸልያለሁ፤ ከዚያ ነው ጣቴ ፊደል የሚነካው። ሥራ አስኪያጁ አንዳንዴ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር። አንዲት አጭር ደብዳቤ ግማሽ ቀን መውሰዷ አይገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም። ፈረንጅ ነው፤ ችኩል ቢሆንም ክፉ ሰው አልነበረም።

ፕሮግራመሩ የመጣው አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ በነበረው ዓመት፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከመጨረሻው ወንድሜ ያንሳል። ኮንትራቱ የጥቂት ወራት ነበር። በዚያ ቢሮ ከእኔና ከእሱ በቀር ኢትዮጵያዊ የለም፤ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን «እትዬ» ብሎ ጀመረኝ። ሙኑኪ ሰፈር፣ እኔ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየ። እሑድ እኔ ከጸሎት ስመለስ እሱ ከእንቅልፉ ይነሣል።

«ጌታ ዛሬ ስለ እኔ ምን አለ?» ይለኛል፣ የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ።

«ምሳ ስጪው አለኝ።»

«ስሙ ይባረክ!»

ከምሳ በኋላ እናቱ ጋ ይደውላል። ልቧ የደከመ፣ ደረጃ መውጣት የተከለከለች ሴት ናት። እሱ ካወራት በኋላ ስልኩን ለእኔ ያቀብለኛል፤ የእኔንም ቁጥር ተቀብላ ይዛለች። ፊቷን አይቼ አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከብዙ የማውቃቸው ሰዎች ፊት ይልቅ አስታውሰዋለሁ። «ሲስቅ አይተሽ አትታለዪ» አለችኝ አንድ ቀን። «እሱ ሲፈራ ነው የሚስቀው። ብቻውን እንዳይሆን፣ አደራ።» እኔም፣ እኔ እያለሁ ብቻውን አይሆንም አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ሲናገሩት ይቀላል።

ያመጣው ሥራ ሁለት ነበር። አንደኛው መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ነው። በሠራተኞች መዝገብ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ፣ ፈቃድ ሲጸድቅ ወይም ውል ሲያልቅ፣ ፕሮግራሙ ለጉዳዩ የሚሆነውን ቃል ይመርጣል፤ ስም ያስገባል፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይልም በስልክም ይልካል። ሁለተኛው እሱ ይበልጥ የሚኮራበት ነበር፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም።

«ነይ እዪው» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። «አንቺ ኮድ ማወቅ የለብሽም። እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ ላለው ሰው፣ ይህ ቃል ይሂድ ብለሽ ትመርጫለሽ። ኮዱን እሱ ይጽፈዋል። እኔ ሳምንት የሚፈጅብኝን ነገር፣ ሻይሽን ሳትጨርሺ።»

«ታዲያ አንተን ምን ያደርጉሃል?»

«እሱን ለጌታ ትነግሪልኛለሽ።»

«ከመላኩ በፊትስ ማንን ይጠይቃል?»

«ማንንም! ጥቅሙ እኮ እሱ ነው፣ እትዬ። ሰው መጠየቅ ካስፈለገማ አንቺ ነበርሽልን።»

አላሾፈብኝም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። እኔም ፈገግ አልኩ።

ለየጉዳዩ የሚሆን ቃል ስላስፈለገው የድሮ ደብዳቤዎቼን ለመነኝ። ሰጠሁት። የሐዘኑ ላይ ሲደርስ፣ በፊት ለአንድ የመጋዘን ሠራተኛ የጻፍኩትን መረጠ። የሰውየውን ስም አውጥቶ በቦታው ባዶ ሳጥን አኖረ። 

«የሐዘኑን ተወው» አልኩት። «እሱ በእኔ ይቆይ።»

«ለምን?»

«ሰውየው መርዶ ሳይነገረው ቢደርሰውስ?»

ወንበሩ ላይ ዞሮ በትዕግሥት አየኝ። «እትዬ፣ ፕሮግራሙ የሚያየው ፈቃድ ነው። የሐዘን ፈቃድ የሚጠይቀው ማነው? ያዘነው ሰው። ታዲያ ያልሰማ ሰው የሐዘን ፈቃድ ይጠይቃል?»

እውነቱን ነው፤ አይጠይቅም።

ሥራ አስኪያጁ ተደሰተ። በአንድ ወር ውስጥ ከእጄ የማይወጣ መልእክት እየበዛ ሄደ፤ እኔ የታሸገ ውኃና የወረቀት ክምችት የምቆጣጠር ሆንኩ። ማንም ውጪ አላለኝም፤ ግን ውሌ የሚታደስበት ጊዜ እየቀረበ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በየክፍሉ ስልክ ይጮኻል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያጉረመርማል። በእኔ አረፍተ ነገር ነው የሚስቁትና የሚያጉረመርሙት፤ እኔ ግን ለማን እንደሄደ እንኳ አላውቅም። እሑድ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ስንዘምር ዝናቡ ድምፃችንን ይውጠው ነበር፤ አፌ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ እየዘመርኩ እንዳልነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ስልኩ የተደወለልኝ በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት፣ ገና የቢሮዬን በር ስከፍት ነው። የፕሮግራመሩ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ቁጥሬን ከእናቱ ስልክ አግኝቶ።

«እሷ… ሌሊት ዐርፋለች» አለኝ። «ዛሬ ትቀበራለች። ለእሱ አልደወልንም። በስልክ እንዳይሰማ፣ እባክሽን። ሰው ሰብስባችሁ ንገሩትና አሳፍሩልን፤ ለሠልስቱ ይድረስልን።»

ጸሎት ሊመጣልኝ አልቻለም። ወጥቼ ጠጠሩ ላይ ቆምኩ። ከግድግዳው ማዶ እሱ በአንደኛው ኮንቴይነር ውስጥ ያፏጫል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን የምንደውልላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጀበል ኩጁር ተራራ በኩል የሚሠራ ሕንፃ ላይ ፎርማን ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም።

«ነገ ንጋት ላይ» አሉኝ፣ የሲሚንቶ ማቡኪያው ድምፅ እያሸነፋቸው። «ከሥራ ልብሱ ሳይደርስ፣ ቤቱ እንሄዳለን። እኔ ወንዶቹን እይዛለሁ፤ አንቺ ሴቶቹን። ዛሬ ደህና ይዋል። ይብላ፣ ይተኛ። ይቺ የመጨረሻ ደህና ሌሊቱ ናት፤ አትንኩበት።»

ለነገ አውሮፕላን ትኬት ያስፈልጋል። ትኬት ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ ቀድሞ ሳይጠይቁ በማግሥቱ የሚያስወጣው ደግሞ የሐዘን ፈቃድ ብቻ ነው። የሠራተኛ ጉዳይዋ ልጅ የደቡብ ሱዳን ተወላጅ ናት፤ ጋምቤላ አድጋ፣ ከእኛው ጋር ተምራ የተመለሰች። አማርኛዋ ከእኔ ይጣፍጣል። በሯን ዘግቼ ስነግራት አፏን በመዳፏ ያዘች።

«እኔ እሞላለታለሁ፤ እሱ ምንም አይሰማም» አለችኝ። «ሥራ አስኪያጁ ወደ ጣቢያ ሊበር ነው፤ ሳይሄድ አስጸድቀዋለሁ። ትኬት ክፍሎችንም አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። ከላስ፣ አለቀ። አንቺ ፊትሽን ታጠቢ።»

ፊቴን ታጠብኩ። ምሳ ሰዓት እሱ ሳህኑን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ምነው አትበዪም? ጾም ነው? የእናንተ ጾም ደግሞ መች እንደሚገባ መች እንደሚወጣ አይታወቅ።»

«ጠግቤ ነው። አንተ ብላ።»

«እበላለሁ እንጂ።» ባቄላውን በዳቦ እየዛቀ ስለ ኮንትራቱ አወራ። ሲያልቅ ለእናቱ መሬት ላይ ያለ ቤት ሊከራይላት ነው፤ ደረጃ የሌለው። በረንዳ ቢኖረው ደስ ይላታል፤ መንገደኛ ማየት ትወዳለች። «ትንሽ ጨምርና ብላ» አልኩት።

ከምሳ በኋላ የሠራተኛ ጉዳይዋ ልጅ በሬን ሳታንኳኳ ከፈተች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ» አለች። «መልእክቱ።»

ወዲያው ገባኝ። የሰውን አፍ ሁሉ ስንዘጋ ውለን፣ አፍ የሌለውን ረስተነው ነበር። ፈቃዱ ጸድቋል፤ መዝገቡ ተለውጧል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፕሮግራሙ በእኔ ቃል ‹በደረሰብህ ሐዘን› ብሎ ይልክለታል።

«አጥፊው» አልኳት።

«ከጸደቀ በኋላ እኔን አይታዘዘኝም። የሚመልሰው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እሱ አየር ላይ ነው። ቢመልሰውም ትኬቱ ይሰረዛል።»

«ጄኔሬተሩን እናስጠፋ።»

«ማሽኑ እኮ እዚህ የለም። መብራት ቢጠፋ እንዳይቆም ብሎ ውጭ አገር ነው ያስቀመጠው። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ እየኮራ።»

ስልኩን እንደብቅበት አለች። ኢሜይሉስ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ የተተከለ ሰው ነው። ጋሼ ጋ ደወልኩ። ጉዳዩን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። «ማነው የሚነግረው?» ይሉኛል። «ማንም አይደለም ጋሼ፣ ማሽን ነው።» «ማሽኑን ማነው ያዘዘው?» በመጨረሻ ተቆጡ፤ «ሰው በሥራ ቦታው መርዶ አይረዳም! ማሽኑን ያዙት!» አሉ። የጁባ ኔትወርክ እዚያ ላይ ቆረጠን።

መላክን የሚያስቆም አንድ ሰው ነበር በግቢው ውስጥ፤ የሚላክለት ሰው።

እግሬን እየጎተትኩ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ አታስዋሸኝ፤ እውነቱንም አታናግረኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «የሐዘን መልእክት ለዛሬ ማስቆም ይቻላል?»

«ይቻላል። ማን ሞተበት?»

«ልነግርህ አልችልም። ሰውየው አልሰማም።»

«አየሽ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «ያልሽው ደረሰ ማለት ነው። ግን እንዴት? ሳይሰማ ፈቃድ ጠየቀ?»

«ሰው ሞላለት።»

«በቃ፣ ተሸንፌያለሁ። ይሄን አላሰብኩትም።» ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ መጻፍ ጀመረ። «ስሙን ንገሪኝና ላውጣው።»

ዝም አልኩ።

«ስሙን፣ እትዬ። ያለ ስም አይወጣልኝም።»

«ሁሉንም አስቁመው። ለዛሬ ብቻ።»

«ሁሉንም ካስቆምኩ የጣቢያዎቹ የደኅንነት መልእክትም ይቆማል፤ ነገ አንገቴን ይቆርጡኛል። ምንድነው ችግሩ? ለማንም አልናገርም። የየት ጣቢያ ሰው ነው?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ።

«የዚህ ቢሮ ነው?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ጉድ እኮ ነው። እዚህ አገር ለሰው በስልክም ይነገራል፣ ማንም ይነግረዋል። እንዲህ የሚደበቀው እኮ እኛ ጋ…»

አልጨረሰውም። እጁ ፊደሎቹ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ሳቀ፤ አጭር ሳቅ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ። በተስፋ ነው ያለው፤ ይህን ልረሳው አልችልም። ሐዘኑ የእኔ እንዲሆን ለመነኝ። ወዲያው ራሱ መለሰው። «አንቺማ ሰምተሻል።»

ጄኔሬተሩ ያጓራል። አንድ ሰው በመተላለፊያው ጠጠር እየረገጠ አለፈ።

«እማዬ ናት?»

አይደለችም ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። እስከ ንጋት ትበቃ ነበር፤ ራቱን ይበላ ነበር፣ ይተኛ ነበር። ቃሏ ምላሴ ድረስ መጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ምላሴን ከውሸት ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ በዚያች ሰዓትም ጠበቅኩት። አዎም አላልኩት። ዝምታዬ ብቻውን ነገረው።

መርዶ የለመድነው በሰው መሐል ነው። ደግፎ የሚይዝ ክንድ ይኖራል፤ ቀድሞ የሚያለቅስ ሰው ይኖራል። እሱ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ነበር፤ ሊነሣ ሲል ወንበሩ ከሥሩ ሸሸና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያዝኩት፤ ግን አንድ ሰው ለዚያ አይበቃም። የሠራተኛ ጉዳይዋ ልጅ ድምፁን ሰምታ ሮጣ መጣች፤ ገና ከበሩ «ወይኔ ወንድሜ» ብላ እንደኛ አለቀሰች። ከየክፍሉ ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። አንዱ ውኃ አመጣ፤ አንዱ «ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞህ» እያለ ትከሻውን ነካካ።

መልእክቱን ያስቆመው የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክና ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር አንድ ላይ ጮኹ። ስልኩን አውጥቶ፣ እንባው እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ያንቺ ነው» አለኝ። «ለዚያ ለመጋዘን ሰውዬ የጻፍሽው።»

ማታ ሙኑኪ ግቢው በሰው ሞላ። ጋሼ ከነአቧራቸው ደረሱ። ታሪኩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «ወንበር ላይ? ማሽን ፊት?» አሉኝ። «ምነው ልጄ፣ አንዲት ሌሊት ማሳደር አቃተሽ?» የጸሎት እህቶቼ ደግሞ ጥግ ላይ ይዘውኝ፣ አልዋሸሽም፣ ጌታ ልብሽን ያያል አሉኝ። የሁለቱንም ሰማሁ። አንደኛቸውም ደረቴ ላይ ያለውን አላነሡልኝም።

በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሰው በሰው ላይ በሚገፋፋበት የመግቢያ በር፣ ቦርሳውን ያዝኩለት። ፊቱ አብጧል። ሊገባ ሲል ዞረ።

«አልተቀየምኩሽም» አለኝ። «ግን አንዲት ሌሊት ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ አነገትኩለት። ሰው ገፋው፣ ገባ። አልተመለሰም። የቀረውን ሥራ አዲስ አበባ ሆኖ ጨርሶ ላከ።

ሥራ አስኪያጁ ከጣቢያ ሲመለስ ሄጄ፣ የሐዘኑ መልእክት ወደ እኔ ይመለስ አልኩት። በጨዋነት አዳመጠኝ። ከዚያ መዝገቡን ከፈተ።

«አዝናለሁ፣ በጣም» አለኝ። «ግን ስሕተቱ የቱ ጋ ነው? ፈቃዱ በሰዓቱ ደርሷል፤ ትኬቱ በሰዓቱ፤ መልእክቱ በሰዓቱ።» እውነቱን ለማወቅ ነበር የጠየቀኝ። መርዶን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ በእሱ ቋንቋ ሲወጣ ሰውን ማታለል መሰለ። ውሌን ግን በትንሹ አራዘመልኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔና የሠራተኛ ጉዳይዋ ልጅ ለማንም ያልተናገርነው ሥራ ጀመርን። የሐዘን ፈቃድ ሌላ ሰው የሞላው መሆኑን ስታይ መጥታ ስሙን ትነግረኛለች፤ ከአሥራ አንድ በፊት ሰውየው ያለበት እደርሳለሁ፤ ወይም አጠገቡ ላለ ሰው እደውላለሁ። የጁባ መንገድ በዝናብ ጊዜ እንደሚታወቀው ነው። አንዳንዱን እቀድማለሁ። አንዳንዱን ስልኩ በእጁ፣ ፊቱ ተለውጦ አገኘዋለሁ፤ ያኔ አጠገቡ ቁጭ ከማለት በቀር የማደርገው የለም።

አንድ ቀን ተራው የግቢው ዘበኛ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ወንድሙ መኪና ተገልብጦ ሞቶበታል፤ ፈቃዱን የሞላው አለቃው ነው። የሠራተኛ ጉዳይዋ ልጅ ስትነግረኝ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። በጠጠሩ ላይ ሮጥኩ። በር ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ያያል። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም።

«ማማ» አለኝ ስልኩን እየዘረጋልኝ። «ምን ይላል?»

ተቀበልኩት። ቃሉ የእኔው ነው፤ የእሱ ስም ባዶው ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ፊቱን አየሁት። ደመወዝ የተጨመረለት ሳይመስለው አልቀረም፤ ፈገግ ሊል እየዳዳው ነበር።

«ለቤተሰብህ የሚነበብ ነው» አልኩት በተሰባበረ አረብኛዬ። «ቤትህ ሄደን አነብልሃለሁ።»

ውሸት አልነበረም። በሩን ለጓደኛው ሰጥቶ ጃኬቱን አነሣ። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ስልኩ በእኔ ቦርሳ ነው። እስከ ሰፈሩ ድረስ ስለ ልጁ አወራኝ፤ ትምህርት ቤት ስለመግባቱ፣ ጫማ ስለማይበረክትለት። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እማረር ነበር።